ጀርባዬ ላይ ያለው ቃል

ሰኔ ገባ አሉ፤ ቱሉ ዲምቱ ጭቃ፣
ሚኒስትሪ ሊደርስ ሰባት ቀን ነው፣ በቃ።
ሰባ ሁለት ልጆች በሃያ አራት ወንበር
ሦስት ሦስት ተጣብቀው ቃል ያመነዥኩ ነበር፦
«ይሁንታ ፈቃድ ነው፤ ይዞታ ነው ርስት፤
ጽናት ማለት ብርታት፤ ሥጋት ማለት ፍርሃት…»
አፋቸው ከደብተር፣ ዓይናቸው ከመስኮት፣
ልባቸው ከሜዳ፣ ከኳሱ ጩኸት።

ደብተር ክደኑ አልኩ። አላመኑኝም።
ሁለቴ ደገምኩት፤ አንድም አልከደነም።
ከቦርሳዬ አወጣሁ ሁለት የዝንብ መምቻ፣
አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ ዋጋቸው አቻ ላቻ፤
ሰሌዳው ላይ ሃያ ቃል እንደ ዘር በተንኩ፤
«ፍቺውን እጠራለሁ፤ ቃሉን ቀድሞ የመታ ይነግሣል» አልኩ።

ዘምዘምና ናኦድ ወጡ፤ እጅጌ ጠቀለሉ።
«ሳይሰስቱ መስጠት!» ስል እኩል ዘለሉ፤
እሷ «ቸርነት»ን፣ እሱ «ንፉግ»ን።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የጠመኔ ብናኝ አለበሰን።
ናኦድ ከዚያች ሰዓት «ንፉጉ» ሆኖ ቀረ፤
ያ ቃል ፈተና ላይ ከመጣ፣ አንድ ነጥብ ከወዲሁ ተቆጠረ።

የካልሲ ኳስ ወረወርኩ፤ የቀለበ ተቃራኒ ይጥራ፦
«ድል» «ሽንፈት»፤ «ንጋት» «ምሽት»፤ «ትሕትና» «ኩራት»፤ በየተራ።
«ባለቤት» ስል አንዱ «ተከራይ!» አለ። መጽሐፉ ውስጥ የለም፤
የዘንድሮን የቤት ኪራይ ላየ ግን፣ ስህተት ነው አልለውም።

ከዚያ የዝምታ ጨዋታ። ቃል ክልክል፣ በእጅ በእግር ብቻ።
ፊሊጶስ «ማመንታት» ደረሰው፤ አስፋልት ዳር የቆመ መሰለ፣
አንድ እግሩን ሰደደ፣ ሲኖትራክ እንዳየ ወደ ኋላ ዘለለ።
«መንገድ መሻገር!» «ስካር!» «የአባቴ ዳንስ!» ተባለ፤
ርዕሰ መምህሩ በበሩ ሽንቁር አየንና ራሱን ነቅንቆ ገለል አለ።
ከኋላ ወንበር ለሊሴ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማሁት፣
«ማ… ማመንታት?» አለች፣ እያመነታች። ጠመኔዬን ጣልኩት።

በመጨረሻ መርፌ ቁልፍ፣ ቁራጭ ወረቀት።
ጀርባህ ላይ ያለውን ቃል እኛ እናያለን፤ አንተ ጠይቀህ ድረስበት።
ሂርጳ ወጣ። «ካሳ» ብዬ ለጠፍኩ፤
ምንም አላሰብኩ፤ ከዝርዝሩ ተራውን አየሁና ጻፍኩ።
«ይበላል?» ብሎ ጠየቀ።
«ይበላል!» አለ ክፍሉ፤ ሳቀ።
«ይበቃል?» «አይበቃም!» «ታዲያ ቶሎ ያልቃል?»
«ወዲያው!» ድምፁ ዝቅ አለ፦ «እኛ ቤት ገብቶ ያውቃል?»

ዝም። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን መታ።
ሁሉም ያውቃሉ፦ ክፍላችን የቆመው በነሂርጳ የምስር ማሳ ቦታ።
እኔ ብቻ፣ ዕጣ ወጥቶልኝ አምና የመጣሁት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ «ሜዳው ባዶ ነበር» ያልኩት።
ሂርጳ ግን እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ጀርባውን ዳበሰ፣
«ካሳ ነው፣ ቲቸር» አለ፤ ወረቀቷን ነቅሎ፣ ከነመርፌው ኪሱ መለሰ።
«በዓረፍተ ነገር!» አልኩት። ልማድ ነው፣ አፌ አመለጠኝ።
«አባቴ በካሳው ባጃጅ ገዛ። አሁን ምስር ከሱቅ ነው የሚልከኝ።»

ሰዋስዉ አልተጓደለም። ሙሉ ነጥብ ጻፍኩለት።
ተደወለ፤ ዓርብ ነው፤ በሩ ጠበበ ለጩኸት።

ከባጃጅ ስወርድ ሁለት ሴቶች ሳቁ፤ ጭቃ መስሎኝ ጫማዬን አየሁ።
ደረጃው ላይ የጎረቤት ልጅ «ጀርባሽ!» አለኝ። «አትንገረኝ» ብዬ ቆየሁ።
«ሰው ነው?» «አዎ።» «ይበላል?» «ይበላል፤ ይጠጣል።»
«ይሄዳል?» ልጁ አሰበ። «አላውቅም፤ ግን ይመጣል።»

ነቀልኳት። የሂርጳ ጽሑፍ፣ በዚያው መርፌ ቁልፍ፦ «እንግዳ»።
በመስኮቴ ቁልቁል ይታያል፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ።
የሚቀበሉት ነው ወይስ የማያውቁት? ፍቺው ሁለት ነው፤
ሰኞ ጠዋት፣ በዓረፍተ ነገር አስገባልኝ ልበለው።